የከሰል ማዕድን ሚቴን ወዴት ይሂድ? አማራጮችን ስለ መመዘን

የድንጋይ ከሰል በምድር ውስጥ ሲፈጠር ሚቴን የተባለው ጋዝም አብሮት ይፈጠራል፤ በከሰሉና በዙሪያው ባሉት ዐለቶች ውስጥም ታምቆ ይኖራል። ከሰሉ ሲቆፈር ግፊቱ ስለሚቀንስ ጋዙ ወደ ዋሻው ይለቀቃል። በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከ5 እስከ 15 በመቶ በሚሆንበት ጊዜ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ልታፈነዳው ትችላለች። ስለሆነም ጋዙን ከዋሻው ማስወጣት የሠራተኞች የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ለምርጫ አይቀርብም። ለምርጫ የሚቀርበው ጋዙ ከወጣ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የሚገኘውን የዌስት ኤልክ የከሰል ማውጫ ለምሳሌነት እንውሰድ። በዚህ ስፍራ የአየር ማናፈሻው ብቻውን በቂ ስላልነበረ፣ ከማውጫው በላይ ካለው ብሔራዊ ደን ወደ ታች የጋዝ ማስወጫ ጉድጓዶችን ለመቆፈር ታቀደ። የአገሪቱ የደን አገልግሎትም እ.ኤ.አ. በ2007 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማውን አቀረበ። ጉድጓዶቹ መንገድና የተመነጠረ ቦታ ስለሚፈልጉ ደኑንና የዱር እንስሳቱን ይነካሉ። ከዚህ ሌላ የጋዙ ዕጣ አለ፤ እርሱም በሦስት አማራጮች ሊታይ ይችላል።

የመጀመሪያው ጋዙን እንዳለ ወደ ከባቢ አየር መልቀቅ ነው። ይህ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን 1 ኪሎ ግራም ሚቴን በ100 ዓመት ውስጥ ምድርን የሚያሞቀው 30 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሞቀውን ያህል ነው።

ሁለተኛው ማቃጠል ነው። 16 ግራም ሚቴን ሲቃጠል 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ ስለዚህ ከ1 ኪሎ ግራም የሚወጣው 2.75 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ጉዳቱ ከዘጠኝ ዐሥረኛ በላይ ይቀንሳል ማለት ነው። ሆኖም ነበልባሉ በጉድጓዱ በኩል ወደ ዋሻው እንዳይመለስ አስተማማኝ መከላከያ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ጋዙን ሰብስቦ ለኃይል ምንጭነት መጠቀም ነው። የጋዙ መጠንና ጥራት መለዋወጥ እንዲሁም የመሣሪያው ዋጋ ያስቸግራሉ። ቢሆንም በዚያው አካባቢ፣ ከኤልክ ክሪክ ማውጫ በሚወጣ ሚቴን እ.ኤ.አ. በ2012 የ3 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀምሯል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ዌስት ኤልክን ለማስፋፋት በተሰጠው ፈቃድ ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔ ሰጠ። መንግሥት የፕሮጀክቱን ጥቅም በገንዘብ ሲያሰላ የአየር ንብረት ጉዳቱን ግን ማስላት አይቻልም ማለቱ ተገቢ እንዳልሆነ ገለጸ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሚዛን ፍትሐዊ የሚሆነው ጥቅሙም ጉዳቱም በሁለቱ ሳህኖች ላይ ሲቀመጡ ብቻ መሆኑን ነው። የጊዜ ገደቡም ሚዛኑን ይለውጠዋል፤ በ20 ዓመት ሲታሰብ የሚቴን የማሞቅ ኃይል ወደ 80 እጥፍ ይደርሳል። አንባቢያን ከላይ ያለውን ስሌት በዚህ ቁጥር ደግመው እንዲሠሩትና የትኛው አማራጭ ይበልጥ እንደሚከብድ እንዲያመዛዝኑ እንጋብዛለን።