ከሰዓቱ የእናት ፈረቃ ሲሆን

ደብዳቤው የመጣው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የጻፈችው እናት ሁለት ልጆች አሏት፤ የሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ገብቷል፣ የአራት ዓመቷ ገና ቤት ናት። ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው በፈረቃ ስለሆነ ልጁ ጧት ተምሮ ለምሳ ይመለሳል፤ ከሰዓቱን እናቱ ከልብስ ስፌቷ ጎን ለጎን ታስተምረዋለች። ሰኔ ከገባ ወዲህ ግን ሁሉም ተደበላለቀባት።

«ቆርቆሮው ሲጮህ ድምፄ አይሰማም፣ መብራት ይጠፋል፣ ትንሿ ደብተሩን ትሞነጭራለች። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ እንደ ውሃ ያወርደዋል፤ ‹ቤት› ብዬ ጽፌ ሳሳየው ግን ዓይኑ ይፈጣል። ትናንት ቆነጠጥሁት። አማቴም ከምድጃው ዳር ሆነው ‹አስተማሪ ተገኘች!› አሉ። እትዬ፣ አስጠኚ ልቅጠርለት ወይስ ነገሩን ልተወው?»

አስጠኚ አያስፈልግም፤ ቁንጥጫውም እንዲሁ። የልጁን ችግር የጎንደር የኔታዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ሕፃን ሀ ሁ ሂን በዜማ ሲለምድ አፉ ዓይኑን ይቀድማል፤ እጁ አንዱ ፊደል ላይ እያለ ድምፁ ሦስት ፊደል አልፎ ይሄዳል። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ መቁጠሩም ለዚህ ይጠቅመዋል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ከአንዱ ፊደል ግዕዙን፣ ከሁለተኛው ካዕቡን፣ ከሦስተኛው ሣልሱን እያነሣ ስለሚዘል የለመደው ዜማ አያድነውም፤ አይቶ መለየት የግድ ነው።

ስለዚህ እናትየው 33ቱን ፊደል በሰባት አባዝታ 231ዱን በአንድ ከሰዓት ማስወረዷን ትተወው። ከካርቶን አምስት ቁራጭ ቆርጣ ቤ፣ ት፣ ላ፣ ም፣ ስ ብላ ትጻፍባቸውና ምንጣፍ ላይ ትበትናቸው። ልጁ ከነዚሁ ቤትን፣ ላምን፣ ስምን ለቅሞ ያወጣል። ሲለምደው ለእኅቱ እሱ ያሳያት፤ በቄስ ትምህርት ቤትም ጀማሪውን ፊደል የሚያስቆጥረው ብዙ ጊዜ ትንሽ ቀደም ያለው ተማሪ ነው። ደብተር መሞነጫጨሩም ይቀንስ ይሆናል። ለዚህ ሩብ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው፤ በደጋው የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ የሚጥለው ከሰዓት በመሆኑ ምሳ እንደተበላ፣ ቆርቆሮው ሳይጮህ ቢያልቅ ይመረጣል።

ዝናቡ ሲጀምር ንባቡ ይቁም። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከዶፍ ጋር ድምፅ መፎካከር ጉሮሮ ከማድረቅ በቀር ትርፍ የለውም፤ የእናትየው ቁጣም ግማሹ ከዚያ የመጣ ይመስላል። ያን ጊዜ የሒሳብ ተራ ነው። አፉና ታቹ እኩል የሆነ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ደጅ ይቀመጥ፤ ዝናቡ ሲያባራ ልጁ በማስመሪያ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሞላ ይለካ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣሳው 10 ሚሊ ሜትር ካሳየና ጣሪያው 30 ካሬ ሜትር ከሸፈነ፣ የወረደው 300 ሊትር ይሆናል፦ 15 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን! ጎንደር ውስጥ ውሃውም እንደ ትምህርቱ በፈረቃ ነውና ይህ ሒሳብ ለአማትየውም ይገባቸዋል። ከአሸንዳው በርሜል ቢደቀን መልካም፤ መጀመሪያ የሚወርደው የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይፍሰስ።

ከደጅ ጎርፍ አንድ ብርጭቆ ተቀድቶ መስኮት ላይ ቢያድር ደግሞ ትንሿም የምታየው ነገር አላት፤ ሲነጋ ከታች አፈር ተኝቶ ይገኛል። የከተማዋን የአንገረብ ግድብ የሚሞላውም ይኸው ደለል ነው።

አማትየው የደባርቅ ሰው መሆናቸውን ደብዳቤው በአንድ ቃል ጠቅሶ አልፏል። ትልቁን ሀብት እንዲህ አቃልሎ ማለፍ አይገባም። ከምድጃው ዳር ሆነው የሚያሽሟጥጡት ሥራ ስላልተሰጣቸው ሊሆን ይችላል፤ እንቆቅልሹን እሳቸው ይያዙት። መልስ ያቃተው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል አገር መስጠት አለበትና የአገር ስም ሳያውቅ መጫወት አይችልም፤ ስሞቹን ከዝናቡ መንገድ ይልቀም። የአዘዞ ዝናብ በመገጭ ወርዶ ጣና ይገባል፣ ከጣና በዓባይ አድርጎ ካርቱም ይደርሳል። የአያቱ አገር የስሜን ተራሮች ዝናብ ግን ወደ ተከዜ ነው፤ ሱዳን ውስጥ በአትባራ ወንዝ በኩል ከካርቱም በስተሰሜን ናይልን ይቀላቀላል። ከራሱ ጓሮ የተነሣው ጠብታ ከአያቱ መንደር ጠብታ ጋር የት እንደሚገናኝ የሰማ ልጅ ካርታ አምጡ ማለቱ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን ለይደር አይተውም። ብርዱን ለመከላከል በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ገዳይ ነው። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ልጅ ራሱን ሲያመው ወይም ያለ ሰዓቱ ሲያንቀላፋ ሰነፈ ተብሎ ይታለፋል። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፣ ቤት ከገባም መስኮቱ ይከፈት፣ ለመኝታ ይውጣ።

የካርቶን ፊደሎቹ ሳምንታት አልፈውም የማይነበቡለት ከሆነ፣ ወይም ወረቀቱን ወደ ፊቱ እያስጠጋ የሚያይ ከሆነ፣ ለአስጠኚ የታሰበው ገንዘብ ለዓይን ምርመራ ይዋል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ማዕከል አለ። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ከመዘጋቱ በፊትም ልጁ ሰሌዳውን ከኋላ ወንበር ሆኖ ያነብብ እንደሆነ መምህሩን መጠየቅ ይቻላል።