የውበት ቀዶ ሐኪምን መመርመር፦ 300 ቀዶ ሕክምናዎች ምን ይነግሩናል?

«ይህን ቀዶ ሕክምና ለ300 ሰዎች አድርጌያለሁ፤ አንድም ሰው አልሞተብኝም።» ውድ አንባብያን፣ የውበት ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ያሰበ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ከሐኪሙ ሲሰማ ልቡ ማረፉ አይቀርም። ለመሆኑ ይህ ቁጥር ምን ያህል ይነግረናል? ጥያቄው የሕክምና ብቻ ሳይሆን የስታቲስቲክስም ነውና እኛ የፊዚክስ ሰዎች ጣልቃ ብንገባ አንወቀስም።

አስቀድመን ስያሜውን እናጥራ። «ፕላስቲክ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ከፌስታልና ከጀሪካን ጋር አይገናኝም፤ መቅረጽ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና በቃጠሎ የተጎዳ ቆዳን መተካትንና የተሰነጠቀ ከንፈርን መግጠምን ጭምር የሚያካትት ሰፊ ሙያ ሲሆን፣ የውበት ቀዶ ሕክምና የዚሁ አንድ ዘርፍ ነው።

ለምሳሌ ያህል ከሆድና ከወገብ ስብ ተመጥጦ ወደ መቀመጫ የሚዛወርበትን ቀዶ ሕክምና እንውሰድ። በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠሩ የሙያው ሐኪሞች የተጠየቁበትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ከ3,000 ታካሚዎች አንድ ያህል እንደሚሞት ገምቶ ነበር። ዘዴው ከተሻሻለ በኋላ የወጡ ግምቶች ከዚህ ዝቅ ያሉ ናቸው። የሞቱ መንስኤ ግን ያው ነው፤ ስቡ የሚረጭበት ቀጭን ቱቦ ወደ መቀመጫ ጡንቻ ጠልቆ ሲገባ በዚያ ያሉትን ትልልቅ ደም መላሽ ሥሮች ሊቀድ ይችላል። ስቡም በተቀደደው ሥር ገብቶ ወደ ልብ፣ ከዚያም ወደ ሳንባ በመሄድ የደሙን መንገድ ይዘጋል።

እስቲ እናስላ። የሞት አደጋው 1/3,000 የሆነ ሐኪም 300 ታካሚዎችን ያለ ሞት የሚያሳልፍበት ፕሮባቢሊቲ 2,999/3,000 በራሱ 300 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ ይኸውም 0.90 ገደማ። አሁን ደግሞ ሦስት እጥፍ አደገኛ የሆነ፣ ማለትም አደጋው 1/1,000 የሆነ ሐኪም እናስብ። የእርሱ 0.74 ይሆናል። እንግዲህ ጥሩውም ሆነ አደገኛው ሐኪም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሳይዋሹ ሊናገሩ ይችላሉ ማለት ነው! ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር የስታቲስቲክስ ሰዎች አንድ ቀላል ደንብ አላቸው፤ በn ሙከራ ውስጥ አደጋ ካልታየ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ማለት የሚቻለው አደጋው ከ3/n አይበልጥም ብቻ ነው። (ኢ ወደ −3 ሲነሣ 0.05 እንደሚሆን በካልኩሌተር ማረጋገጥ ይቻላል።) በ300 ሰዎች ይህ ጣራ ከመቶ አንድ ነው፤ እጅግ ከፍ ያለ ጣራ!

ስለዚህ የሐኪሙ የግል ቆጠራ ሊነግረን የማይችለውን ከሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይላል። ይህም የሥልጠናውና የሙያ ታሪኩ ነው። በአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሐኪም የውበት ቀዶ ሕክምና እንዳያደርግ ሕጉ በጥቅሉ አይከለክልም። እ.ኤ.አ. በ1937 የተቋቋመው የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ቦርድ ግን ምስክርነቱን የሚሰጠው ከዓመታት የስፔሻሊቲ ሥልጠና በኋላ የጽሑፍና የቃል ፈተና ላለፈ ብቻ ነው። «ቦርድ የመሰከረለት» የሚል ማስታወቂያ ሲታይ እንግዲህ «የትኛው ቦርድ? በምን ሙያ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በርካታ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአትላንታ አካባቢ፣ ታካሚዎቿ በማደንዘዣ ተኝተው ሳለ እየዘፈነችና እየጨፈረች የተቀረጸች አንዲት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2018 በጆርጂያ ግዛት የሕክምና ቦርድ ፈቃዷ ታግዷል። የቦርድ ምስክርነቷ ሐሰት አልነበረም፤ የቆዳ ሕክምና ምስክርነት ነበር። በአውስትራሊያም ቢሆን ማንኛውም ሐኪም ራሱን «ቀዶ ሐኪም» ብሎ እንዳይጠራ በሕግ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው።

በአሜሪካ የየግዛቱ የሕክምና ቦርድ የፈቃድ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ ሐኪሙ መቀጣት አለመቀጣቱን በስሙ ፈልጎ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የጥፋተኝነት ካሳ ክፍያዎችን ጭምር የሚያሰባስበው ብሔራዊ የመረጃ ቋት ግን ለታካሚ ዝግ ነው፤ ይህ በእኛ አስተያየት ተገቢ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ እኛ የምንመርጠው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «በግል ክሊኒክዎ የሚያደርጉልኝን ይህንኑ ቀዶ ሕክምና በሆስፒታል ውስጥ እንዲያካሂዱ የተፈቀደልዎ የት ነው?» ሆስፒታሉ ይህን ፈቃድ የሚሰጠው የሐኪሙን ሥልጠናና ያለፈ ሥራ በባልደረቦቹ አስመርምሮ ነውና።

«በፊት» እና «በኋላ» የሚሉት ፎቶግራፎችስ? ከጎን የሚመጣ ብርሃን እያንዳንዱን ሽብሽብ በጥላ ያጎላል፤ ከፊት የሚመጣ ሰፊ ብርሃን ግን ጥላውን ያጠፋዋል። ርቀትም የራሱ ሚና አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ስሌት እንደሚያሳየው ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሣ ፎቶ አፍንጫን 30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ሁለቱ ሥዕሎች በአንድ ርቀትና በአንድ ብርሃን ካልተነሡ ማነጻጸሪያ ሊሆኑ አይችሉም፤ ሐኪሙ ደግሞ የሚያሳየን የመረጣቸውን ነው።

ወደ ስቡ ስንመለስ፣ የፍሎሪዳ ግዛት የሕክምና ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ሐኪም ይህን ቀዶ ሕክምና በቀን ከሦስት ሰው በላይ እንዳያደርግና ቱቦው ከጡንቻው በላይ መሆኑን በአልትራሳውንድ እያየ እንዲሠራ አስቸኳይ ደንብ አውጥቶ ነበር። ታካሚውም ሁለቱን ነገሮች ከቀጠሮው በፊት ሊጠይቅ ይችላል፤ በዚያ ቀን እርሱ ስንተኛ ተራ እንደሆነና ቱቦው የት እንዳለ ሐኪሙ በምን እንደሚያይ።