ለአሮጌ ጋራዥ ባለቤቶች፦ ስለ ጣሪያ ውሃ ማሳሰቢያ

ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ተዳፋት ላይ ያረፈች ከተማ ናት። ላይኛው ሰው ጣሪያውን ሲያደርቅ የታችኛው ጎረቤት ግቢ ጭቃ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ፍሳሹን ከመድፈናችሁ በፊት ውሃውን የት እንደምታደርሱት ወስኑ።

• አስሉ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 6 በ10 ሜትር የሆነ ጋራዥ 30 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 1,800 ሊትር ያወርዳል፤ ዘጠኝ ትልልቅ በርሜል መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ቀጭን ቱቦ ማውረድ አይሞከርም።

• ሥራውን ከጊፋታ (ከወላይታ ዘመን መለወጫ) በኋላ፣ በበጋው ጨርሱ። በልግ ከገባ ቆርቆሮ ሠሪ ማግኘት ጭንቅ ነው።

• ቀዳዳውን ከጠብታው አናት ላይ ብቻ አትፈልጉ፤ ውሃ በማገሩ ተንሸራቶ ራቅ ብሎ ይንጠባጠባል። ጎማው ያለቀ ምስማር ካለ ቀይሩት። ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ አይደለም። ሬንጅ መለቅለቅ ጊዜ ይገዛ ይሆናል፤ የዛገ ቆርቆሮ ግን መቀየር አለበት።

• አሸንዳው በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ያዘቅዝቅ። የአቮካዶና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጥረጉ።

• የጣሪያ ውሃ ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ አታስገቡ። ሞልቶ ሲገነፍል ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

• መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ከአሸንዳ የሚወርደው ውሃ የተቃጠለ ዘይት የጠጣውን መሬት አጥቦ ወደ መንገድ ቦይ፣ ከዚያም ወደ ወንዝ ይወስደዋል። መውረጃውን ከዚያ ቦታ አርቁ፤ ዘይቱን በተከደነ በርሜል አጠራቅሙ እንጂ ቦይ ውስጥ አትድፉ።

• ቱቦውን ወደ ጎረቤት አጥር አታዙሩ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት በጎረቤቱ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ይከለክላል። ፍርድ ቤት ከመመላለስ ግን ተነጋግሮ አንድ ቦይ አብሮ መቆፈር ይረክሳል፤ ሽማግሌም ቢሆን የሚላችሁ ይህንኑ ነው።

• ውሃ የምታጠራቅሙ ከሆነ በርሜሉን ክደኑት፤ ትንኝ ይራባበታል። ለእጥበት እንጂ ለመጠጥ አይሁን።

• ጣሪያ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ቆጣሪ አጥፉ። የምስማሩን መስመር ተከትላችሁ ርገጡ፣ ማገሩ ያለው እዚያ ነው። ጣሪያው የድሮ አስቤስቶስ ከሆነ አትብሱት፣ አትስበሩት፣ በብሩሽም አትፈግፍጉት፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።