ቆሽትና የአፋችን ባክቴሪያዎች

ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ የሚሄደውን ታክሲ ተሰልፎ የጠበቀ ሁሉ ይህን አባባል ያውቀዋል። ይሁንና ቆሽት የት እንደሚገኝና ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ በትክክል የሚመልስ ጥቂት ነው። እኔም ከማያውቁት አንዱ ነበርኩ። ለማስተማር ልምምድ ቦሌ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ስለ ጀርሞች ሳስተምር አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አያቴን የቆሽት ካንሰር ነው አሏቸው። ወንድሜ ደግሞ ከአፍ ጀርም ነው የሚመጣው አለኝ። ጥርሳቸውን ስለማይፍቁ ነው እንዴ? አብረናቸው ብንበላስ ይይዘናል?»

«አጥንቼ እነግርሻለሁ» አልኳትና ደወሉ ገላገለኝ። ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ያጠናሁት ነው።

1. ቆሽት ምንድን ነው?

ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ ተጋድሞ የሚገኝ፣ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ዕጢ ነው። ሁለት ዐበይት ተግባራት አሉት። አንደኛ፣ ምግብ የሚፈጩ ኤንዛይሞችን አመንጭቶ በቀጭን ቱቦ ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል። ሁለተኛ፣ የደምን የስኳር መጠን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን ወደ ደም ይለቃል። ከሆድ ዕቃ ኋላ ተደብቆ ስለሚገኝ ካንሰር ሲይዘው ቶሎ አይታወቅም። ብዙዎቹ ሕሙማን ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው። በአገራችን እንደ ጡትና እንደ ማኅፀን ጫፍ ካንሰር የበዛ አይደለም፤ ከያዘ ግን እጅግ አደገኛ ነው።

2. ባክቴሪያ ካንሰር ያመጣል ወይ?

በሰውነታችን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ጠላቶቻችን አይደሉም፤ ምግብ በማብላላትም ይረዱናል። ጥቂቶቹ ግን ይጎዳሉ። ቀድሞ የጨጓራ ቁስለት መንስኤው ጭንቀትና የሚያቃጥል ምግብ ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከጨጓራ ወስደው አራቡት። በ1984 ማርሻል ራሱ ባክቴሪያውን ጠጥቶ ጨጓራው ታመመ። በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህ ባክቴሪያ የጨጓራ ካንሰር መንስኤ መሆኑን መዘገበ። ሁለቱ ሐኪሞችም በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙ። እንግዲህ ባክቴሪያ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል የተረጋገጠ ነገር ነው።

3. በቆሽትስ?

ድድን የሚያቆስል ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። አሜሪካ ውስጥ ጤነኛ ሰዎች አፋቸውን የተጉመጠመጡበት ፈሳሽ ተቀምጦ ቆየ። ከዓመታት በኋላ በቆሽት ካንሰር የታመሙ 361 ሰዎች ካልታመሙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ባክቴሪያው በአፋቸው የተገኘባቸው ሰዎች የመታመም ዕድላቸው በ59 በመቶ ከፍ ብሎ ታየ። በ2017 ደግሞ 113 የቆሽት ካንሰር ናሙናዎች ተመርምረው በ86ቱ ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ። ከነዚህ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ጄምሲታቢን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ሰባብረው ኃይሉን እንደሚያሳጡት ታውቋል። ባክቴሪያዎቹ ከምራቅ ጋር ተውጠው ከአንጀት በቱቦው በኩል፣ ወይም በደም አማካይነት ወደ ቆሽት እንደሚደርሱ ይገመታል።

4. ዝምድናና መንስኤ

እዚህ ላይ እንጠንቀቅ! ዶሮ ከጮኸ በኋላ ይነጋል፤ ዶሮ ስለ ጮኸ ግን አይነጋም። ሁለት ነገሮች አብረው ስለ ታዩ አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ለምሳሌ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱም ይታመማል፣ ለቆሽት ካንሰርም ይጋለጣል። ተመራማሪዎች የሲጋራን ድርሻ በስሌት ለይተው አውጥተዋል፤ ቢሆንም የአፍ ባክቴሪያ የቆሽት ካንሰርን ያመጣል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ገና አልተገኘም። በጨጓራው ባክቴሪያ ላይ ባክቴሪያውን በመድኃኒት ማጥፋት የካንሰሩን ቁጥር እንደሚቀንስ ታይቷል። ለቆሽት እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የለም።

5. ለተማሪዎቻችን ምን እንበል?

ሀ. ካንሰር አብሮ በመብላትና በመጠጣት አይተላለፍም። ሕመምተኛው ከማዕድ መለየት የለበትም።

ለ. «ጥርስህን ስለማትፍቅ ነው» ብሎ ሕመምተኛን መውቀስ ትክክል አይደለም።

ሐ. አፍን ማጽዳት ግን ለድድና ለጥርስ የተረጋገጠ ጥቅም አለው። ብሩሽ ከሌለ የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያም ይሠራል፤ መዋዋስ ግን አይገባም።

መ. የቆሽትን ካንሰር እንደሚያስከትል በእርግጥ የታወቀው ሲጋራ ነው።

ሠ. በዕድሜ የገፋ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ከከሳ «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቅጠል ሲጠጣ መክረም የለበትም። መንስኤው ብዙ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ቆሽት ላይ የበቀለ ካንሰር የሐሞትን መውረጃ ሲዘጋ ነው። ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

በሳምንቱ ለልጅቷ ይህንኑ በአጭሩ ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና «እሺ ቲቸር፣ ለእማዬ እነግራታለሁ። ሳህናቸውን ለይታ ነበር» አለችኝ። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ስለ ጀርም ሳስተምር እቤቷ ይህ እየሆነ እንደነበር አላውቅም ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የቆሽት ሁለት ተግባራት ምንና ምን ናቸው?
2. ዝምድናን ከመንስኤ ለመለየት ከአካባቢያችሁ ሌላ ምሳሌ ስጡ።
3. ተማሪ የማታውቁትን ጥያቄ ቢጠይቃችሁ ምን ትላላችሁ?