ልብ አንጠልጣይ ልቦለድን ለሌላ አንባቢ ስለ መጠቆም

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጅማ ፈረንጅ አራዳ የተገዛው አጋሮ ይነበባል፤ ከዩኒቨርሲቲው ማደሪያ በተማሪ ሻንጣ የወጣው ሊሙ ገነት ወይም በደሌ ይከርማል። እንዲህ የሚያዞረው ማስታወቂያ አይደለም። አንዱ አንባቢ ሌላውን “ይህን አንብበው” ስላለው ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ አጭር ንግግር ነው። በተለይ ልብ አንጠልጣይ የሚባለውን ልቦለድ ለወዳጃችን ስንጠቁም ምን መናገር፣ ምን መተው እንዳለብን ቀስ ብለን እንመለከታለን።

አስቀድመን ቃላቱን እንወስን። ልቦለድ ማለት ደራሲ በምናቡ ፈጥሮ በስድ ንባብ የጻፈው ታሪክ ነው። ቦታውና ዘመኑ እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የነገሩ አካሄድ ግን የደራሲው ሥራ ነው። ልብ አንጠልጣይ የምንለው ከልቦለዶች መካከል አደጋ ከፊት ተደቅኖ፣ ጊዜው እየጠበበ፣ የባለታሪኩ ዕጣ ሳይታወቅ ገጽ የሚያስገልጠውን ነው። የስለላ፣ የወንጀል ምርመራ፣ የሤራና የማምለጥ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ይመደባሉ። መጠቆም ስንል ደግሞ ለምናውቀው አንድ ሰው አንድ መጽሐፍ እንደሚስማማው ገምተን፣ ራሱ እንዲያነበው ማሳየታችን ነው።

“ራሱ እንዲያነበው” የሚለውን ያዙልኝ። መጠቆም ከመተረክና ከማወደስ የሚለየው በዚህ ነው። የሚተርክ ሰው መጽሐፉን በአንባቢው ፈንታ ያነብለታል፤ አድማጩ ታሪኩን ያገኛል፣ ንባቡን ግን ያጣል። የሚያወድስ ሰው “እንዲህ ያለ መጽሐፍ ተጽፎ አያውቅም፣ እንቅልፍ ይነሳሃል” ይላል። ይህን የሰማ አንባቢ ስለ መጽሐፉ አንዳች አላወቀም፤ ያወቀው የተናጋሪውን ስሜት ነው። እንዲያውም ሌሊቱን ሙሉ ደህና ተኝቶ ቢነሳ ጥፋቱ የእሱ ወይም የመጽሐፉ ይመስለዋል። ጠቋሚ ከሁለቱም ይለያል። የመጽሐፉን ጥያቄ ያቀብላል፤ መልሱን ለመጽሐፉ ይተዋል።

ይህን ለማድረግ ግን መጽሐፉ የሚጠይቀው ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይምታታሉ፤ እነሱም ልብ ሰቀላ፣ ምስጢርና ድንገቴ ናቸው። ልብ ሰቀላ አንባቢው ሊመጣ ያለውን ክፉ ነገር አውቆ ወይም ጠርጥሮ የሚጠብቅበት ጭንቀት ነው። ምስጢር አስቀድሞ የሆነ፣ ነገር ግን የተሰወረ ጉዳይ ነው፤ ጥያቄውም “ማን አደረገው? ለምን?” የሚል ነው። ድንገቴ አንባቢው ፈጽሞ ያልጠበቀው መታጠፍ ነው።

በምሳሌ እንየው። ጀንፈል የጫነ አይሱዙ ከጅማ ተነሥቶ በሰኮሩ በኩል ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁል እየወረደ ነው እንበል። ፍሬኑ በድንገት እምቢ ቢልና ሹፌሩም አንባቢውም እኩል ቢደነግጡ ይህ ድንገቴ ነው፤ ዕድሜውም ከገጽ አያልፍም። ደራሲው ግን ገና አሰንዳቦ ላይ ሹፌሩ ሻይ ሲጠጣ፣ አንድ ሰው ከመኪናው ሥር እጁን እየጠረገ ሲወጣ ቢያሳየን ነገሩ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ሹፌሩ ከረዳቱ ጋር በቀለደ ቁጥር እኛ እንሳቀቃለን፤ መንገዱ በተጣመመ ቁጥር እንቆጥራለን። ልብ ሰቀላ ይህ ነው፣ ብዙ ምዕራፍም ሊሸከም ይችላል። ታሪኩ መኪናው ገደል ውስጥ ከተገኘ በኋላ ቢጀምርና መርማሪ ፍሬኑን ማን እንደነካው ቢጠይቅ ደግሞ ምስጢር ሆነ። አደጋው አንድ ነው፤ አንባቢው ከሹፌሩ በፊት፣ ከሹፌሩ ጋር ወይም ከሹፌሩ በኋላ ማወቁ ግን ሦስት የተለያዩ መጻሕፍት ይወልዳል።

የምንደብቀውም በዚሁ ልክ ይለያያል። በምስጢር የሚደበቀው መልሱ ነው፤ ጥያቄውን በነፃነት መናገር ይቻላል። በድንገቴ ግን መታጠፉ መኖሩ ራሱ መደበቅ አለበት። “መጨረሻውን አልነግርህም፣ ግን በጣም ትደነግጣለህ” ያለ ሰው ምንም ያልተናገረ ይመስለዋል፤ አንባቢው ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሁሉንም ሰው እየጠረጠረ ይሄዳል። የአጋታ ክሪስቲን እ.ኤ.አ. በ1926 የታተመውን የሮጀር አክሮይድ ግድያ መጽሐፍ የምንጠቁም ከሆነ በገጠር መንደር ስለተፈጸመ ግድያና ጡረታ ስለወጣ መርማሪ ተናግረን ማቆም ነው። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል እንኳ ትበዛለች።

ልብ ሰቀላ ብዙ ብንናገርም ይችላል፤ ይህ ብዙ ሰው የማያምነው ነጥብ ነው። ፍሬድሪክ ፎርሳይት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው “ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል” አንድ ቅጥር ገዳይ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሻርል ደጎልን ሊገድል ይነሳል። ደጎል በነሐሴ 1958 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጎብኝተው የሄዱ ሰው ናቸው፤ ታሪኩ የሚፈጸመው ከዚያ ቀደም ባለው ዘመን ነው፤ በኋላም ቤታቸው ሆነው እንዳረፉ ዓለም ያውቃል። ገዳዩ እንደማይሳካለት መጽሐፉን ያልከፈተ ሁሉ ያውቀዋል ማለት ነው። ሆኖም ሐሰተኛ ፓስፖርቱ ሲዘጋጅ፣ ጠመንጃው ሲሠራ፣ ፖሊሱ በአንድ እርምጃ ሲዘገይ ትንፋሽ ያጥራል። የሚይዘን “ይሳካለት ይሆን?” የሚለው ሳይሆን “በምን ይከሽፍ ይሆን?” የሚለው ነው። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ስትጠቁሙ ደጎል እንደተረፉ ብትናገሩ ምንም አላበላሻችሁም። እንዴት እንደተረፉ ግን ዝም።

እስካሁን ያየነው እንግዲህ ይህ ነው፦ መጠቆም መተረክም ማወደስም አይደለም፤ የሚደበቀውም እንደ መጽሐፉ ዓይነት ይለያያል። አሁን ወደ አገራችን መጻሕፍት እንምጣ።

በአማርኛ የስለላ ንባብን ጣዕም ካስለመዱት መካከል ማሞ ውድነህ ስማቸው ቀድሞ ይነሳል። “የኛ ሰው በደማስቆ” የእስራኤላዊውን ሰላይ የኤሊ ኮኸንን ታሪክ ይዞ ለአማርኛ አንባቢ የቀረበ መጽሐፍ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለይ። አንደኛ፣ ይህ መሠረቱ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ “ልቦለድ ነው” ብለን ብንሰጥ ለአንባቢው ልክ ያልሆነ ነገር ነገርነው። ሰውየው በእርግጥ እንደኖረ ማወቅ የንባቡን ክብደት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሁለተኛ፣ የኮኸን ፍጻሜ በታሪክ የታወቀ ቢሆንም ታሪኩን የማያውቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን አለ። የታወቀ ነገር ሁሉ ለሁሉም የታወቀ አይደለም። እኔም እዚህ አልጽፈውም።

ቀጥሎ “ኦሮማይ”። በ1975 ዓ.ም. የታተመው ይህ የበዓሉ ግርማ ልቦለድ ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ለዘመቻው አስመራ ይላካል። በዚያች ከተማ ፍቅር፣ ጦርነትና ስለላ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ማን የማን እንደሆነ ለማወቅም ይቸግራል። ለጥቆማ ይህ ይበቃል።

ብዙዎቻችን ግን ይህን መጽሐፍ ስንጠቁም የምንጀምረው ከታሪኩ ሳይሆን ከደራሲው ዕጣ ነው። መጽሐፉ ከገበያ መሰብሰቡን፣ በዓሉ ከሥራው መባረሩን፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ መቅረቱን እንናገራለን። ይህ እውነት ነው፤ ሊነገርም ይገባል። ነገር ግን የደራሲው ታሪክና የመጽሐፉ ታሪክ ሁለት ናቸው። ደራሲው በምን እንደጠፋ ብቻ የተነገረው አንባቢ በየገጹ “ባለሥልጣናቱን ያስቆጣቸው የትኛው መስመር ይሆን?” እያለ እንደ መርማሪ ያነባል፤ ፀጋዬን መከተል ይረሳል። በእኔ አስተያየት ሰውየውን መጀመሪያ ወደ አስመራ መላክ ይሻላል፤ መጽሐፉን ሲመልስ ቀሪውን ቁጭ ብሎ ማውራት ይቻላል።

ለእኛ አካባቢ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። በዓሉ የተወለደው ኢሉባቦር፣ ሱጴ ነው፤ ከጅማ በአጋሮና በበደሌ አድርጎ ወደ መቱ የሚያልፈው መንገድ ወደ ትውልድ አገሩ ይወስዳል። “ሐዲስ” የተባለው ልቦለዱም የተተከለው በዚያው በኢሉባቦር ምድር ነው። ታዲያ ልብ አንጠልጣይ ለጠየቀን ሰው “ያገራችን ልጅ ስለ አገራችን የጻፈው” ብለን “ሐዲስን” ማቀበል ያምረናል። መልካም መጽሐፍ ነው፤ የተጠየቅነው ግን እሱን አይደለም። ደራሲን መውደድ አንድ ነገር ነው፣ ለጥያቄ መልስ መስጠት ሌላ። “ሐዲስን” ሌላ ቀን በራሱ ስም እንጠቁመው።

የይስማዕከ ወርቁ “ዴርቶጋዳ” በ2001 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ በተለይ በወጣቱ እጅ ብዙ ዞሯል። የጣና ገዳማት፣ ሳይንቲስቶችና የስለላ ድርጅቶች በፍጥነት ይገናኙበታል። ብዙ አንባቢም ሲያነበው ቦንጋ የተወለደውን የጠፈር ሳይንስ ባለሙያ ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን ያስታውሳል። ይህን መጽሐፍ ስንጠቁም ሐቀኛ መሆን ይገባል፦ ፍጥነትንና ግዙፍ ምናብን ለሚወድ ይስማማል፤ “ይህ በእውነት ሊሆን ይችላል ወይ?” እያለ ለሚያነብ ግን በየምዕራፉ ያከራክረዋል። እንዲህ ማለት መጽሐፉን መንቀፍ አይደለም። ለማን እንደተጻፈ ማወቅ ነው።

ይህም ወደ መጨረሻው ክፍል ያደርሰናል። እስካሁን ስለ መጽሐፉ ተናገርን፤ አሁን ስለ ተቀባዩ። መጽሐፍ የሚጠቆመው ለሰው ነውና ጠቋሚው አስቀድሞ ጥቂት ነገር መጠየቅ አለበት፦ በቅርቡ ምን አንብቦ ወደደ? ምን ጀምሮ ተወ? በአማርኛ ይቀለዋል ወይስ በአፋን ኦሮሞ? ጊዜስ አለው? የመጨረሻው በእኛ አገር ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ቡናው ቀልቶ ለቀማውና ማድረቁ ሲጣደፍ፣ ለአጋሮ ነጋዴ አራት መቶ ገጽ መስጠት መጽሐፉን ጆንያ ላይ አቧራ እንዲለብስ መፍረድ ነው። ለዚህ ሰው በአንድ ቁጭታ የሚያልቁት የአርተር ኮናን ዶይል የሼርሎክ ሆምስ አጫጭር ታሪኮች ይሻላሉ። ረጅሙ ክረምት ይጠብቅ፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ራሱ ያስነብባል።

መጽሐፉንም እንፈትሽ። ብዙ እጅ የዞረ ቅጂ የመጨረሻ ቅጠሉን ያጣል፤ ሌላ መጽሐፍ ቢሆን ይቻል ነበር፣ ይህን ዓይነቱን ግን ያለ መጨረሻው ማዋስ ግፍ ነው።

ቡና በሚጠጣበት ቤት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንድ ረከቦት ዙሪያ አንዱ መጽሐፉን ጨርሷል፣ አንዷ ገጽ ሰማንያ ላይ ነች፣ ሌላው ገና ሊዋስ ነው። ጨዋታው ሞቅ ሲል፣ ከአቦል ወደ ቶና ሲታለፍ፣ አፍ ያመልጣል። “የት ደርሰሻል?” ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም አስተያየት መቅደም አለበት። ወጋየሁ ንጋቱ “ፍቅር እስከ መቃብርን” በራዲዮ ሲተርክ አድማጩ ሁሉ እኩል ይጠብቅ ነበር፤ መጽሐፉን ቀድሞ ያነበበ ብቻ ነበር አፉን መያዝ ያለበት። ዛሬ ሁላችንም የየራሳችን ገጽ ላይ ነን፣ መያዝ ያለበት አፍም በዝቷል።

አንዳንዴ ግን አንባቢው ራሱ “ይሞታል ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ የሚጠይቁ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የሚጠይቀው ታሪኩ ስለያዘው ነው፤ ጥያቄው የደስታው ክፍል ነውና ፈገግ ብሎ ዝም ማለት መልስ ነው። ሌላው የሚጠይቀው መሸከም እንዳይከብደው ፈርቶ ነው፦ ልጇ ከሰሜን ጦርነት ያልተመለሰላት እናት፣ ወንድሙ በቀይ ሽብር የተወሰደበት ሰው። ለእነዚህ የመጨረሻው ገጽ ከሰውየው ሰላም አይበልጥም። አንዲት የአጋሮ ልጅ ለጎረቤቷ እንዲህ ልትል ትችላለች፦ “እማማ፣ ጦርነት አለበት፣ ከሚወዱት ሰው አንዱም ይሞታል። ማን እንደሆነ ሳያውቁ ማንበብ ከፈለጉ አልናገርም። ማወቅ ከፈለጉ ግን ይኸው፣ አሁኑኑ ልንገርዎት።”