የአባወራው ደጃፍና የልጁ ደኅንነት

አንድ ተማሪ ለቀናት ከክፍል ሲቀር፣ ወይም ገላው ላይ የግርፋት ሰንበር ታይቶ ሲጠየቅ ዝም ሲል፣ መምህሩ ወይም የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛው ቤቱ ድረስ መሄዱ አይቀርም። ነገ ተመርቀን ስንመደብ ይህ የእኛም ሥራ ነው። ታዲያ ደጃፉ ላይ ስንደርስ ሥልጣናችን እስከ የት ነው? የአባወራው ወይም የእማወራዋ መብትስ ምንድን ነው?

1. ቤት በሕግ የተጠበቀ ነው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ ቤት እንደማይደፈር ደንግጓል። ሕግ ካልፈቀደ በቀር ባለቤቱ ሳይወድ ማንም አይገባበትም፣ አይበረብረውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 ይህንኑ መብት አጽንቶታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 604 ደግሞ ያለ ፈቃድ የሚገባውን ብቻ ሳይሆን፣ በፈቃድ ገብቶ «ውጣ» ሲባል እምቢ የሚለውንም ይመለከታል።

ስለዚህ አባወራው፦

ሀ/ የመጣው ሰው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደላከውና ለምን እንደመጣ መጠየቅ ይችላል፤

ለ/ «አይገባም» ማለት ወይም ደጅ ቆሞ ማነጋገር ይችላል፤

ሐ/ ሳሎን አስገብቶ «ጓዳ አይታይም» ማለት፣ ወይም የሰጠውን ፈቃድ መልሶ ማንሳት ይችላል፤

መ/ ፖሊስ ለብርበራ ሲመጣ የፍርድ ቤት ማዘዣ እንዲያሳየው መጠየቅ ይችላል። ከ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጀምሮ የታወቀው ደንብ፣ ፍርድ ቤት በተለይ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት እንዲደረግ ነው። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ወንጀለኛ እንደ መከታተል ባሉ አስቸኳይ ሁኔታዎች ፖሊስ ያለ ማዘዣ ሊገባ ይችላል። ይህ ግን ለፖሊስ እንጂ ለመምህር የተሰጠ ሥልጣን አይደለም።

2. መብቱ የበደል መሸሸጊያ አይደለም

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576ም ልጅን የሚያንገላታ፣ ቸል የሚል ወይም የሚደበድብ አሳዳጊ እንዲቀጣ ይደነግጋል፤ ለመልካም አስተዳደግ የሚደረግን ተገቢ ቅጣት ግን ከዚህ ያወጣዋል። ልዩነቱን ለይቶ የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው እንጂ ደጅ ላይ የቆመ መምህር አይደለም።

3. ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ «አታዩም» መባል ብቻውን የጥፋተኛነት ማስረጃ እንዳልሆነ እንወቅ። ድህነቱን እንግዳ እንዲያይበት የማይፈልግ ስንት አለ! «ቤቶች!» ብሎ ተጣርቶ መቆም፣ ስምንና ጉዳይን በትሕትና መናገር፣ የቤቱን ገመና ጎረቤት እየሰማ አለማውራት ይገባል። ልጁንም መታኝ ባለው ሰው ፊት «ማን መታህ?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ይሁን። እኛ ጠይቀን እንሄዳለን፤ ማታ በትሩ የሚያርፈው በልጁ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ አደጋ መኖሩን ከጠረጠርን ያየነውንና የሰማነውን ብቻ ከነቀኑ ጽፈን ለርእሰ መምህሩ፣ በእሱም በኩል ለሕፃናት ጉዳይ ክፍልና ለፖሊስ እናስታውቅ። ልጁ እየተደበደበ ጩኸት ከተሰማ ግን ወረቀት የሚጻፍበት ሰዓት አይደለም፤ እዚያው ጎረቤት መጥራት፣ ወዲያው ለፖሊስ መደወል ነው።

በር ገፍቶ የገባ መምህር ለአንድ ቀን ጓዳውን ያይ ይሆናል፤ በማግስቱ ግን ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያጣው ይችላል። ተከብሮ የገባ ግን ተመልሶ ይጠራል። የአባወራውን መብት ማወቃችን ልጁን ለመርዳት ነውና ጓደኞቼ፣ ሕጉን እንወቅ፣ ደጃፉን እናክብር፣ ልጁንም አንርሳ!