የሚናገር መሣሪያ፣ የሚሰማ ጉባኤ

በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው። ዕውቀትና ወሬ በመሣሪያ አማካይነት በፍጥነት ሲደርሱን፣ የመማር ሥርዓታችንና አብሮ የመኖር ልማዳችን ምን ይሆናሉ? ዓላማችን መሣሪያውን ማውገዝ ሳይሆን በማስተዋል እንድንጠቀምበት መረዳዳት ነው።

አስቀድመን የቅርብ ጊዜ ታሪካችንን እንመልከት። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን «ፕላዝማ» የተባለው፣ በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ መምህርና መጽሐፍ ባነሰበት ወረዳ የሚማር ልጅ ከአዲስ አበባ እኩያው ጋር አንድ ትምህርት እንዲያገኝ ታስቦ ነው። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ይናገር የነበረው የቴሌቪዥን መምህር ተማሪው ይግባው አይግባው ሊያይ አልቻለም፤ እጅ ቢወጣም አይጠብቅም ነበር። በክፍሉ የቆመው መምህርም በተተዉለት ጥቂት ደቂቃዎች ተወሰነ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያመልጥ ነበር።

ጎንደር በታወቀችበት የአብነት ትምህርት ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። በጎንደር የተማረው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም መጻሕፍትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም ተጉዟል፤ ያነበበውንም ከሊቃውንት ጋር ተከራክሮ መርምሯል። ከዚህ የምንረዳው ዕውቀት የሚጸናው ተናጋሪ ብቻ ሳይሆን ሰሚና አራሚም ሲኖር መሆኑን ነው።

ዛሬ ስልኩ በየኪሳችን አለ። በፊደላችን እንጽፍበታለን፤ ቅዱስ መጽሐፍን እናነብበታለን፤ በስደት ያሉ ልጆቻችንን ድምፅ እንሰማበታለን። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነ በማጣት ተረድተነዋል።

ይሁን እንጂ ስልክ እንደ ፕላዝማው ይናገራል እንጂ የተናገረው ቃል የት እንደሚወድቅ አያይም። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን አይከልን እናስብ። በዚህች የጭልጋ ከተማ አማራና ቅማንት በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ በጋብቻና በዝምድናም ተሳስረዋል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአካባቢው በተደጋጋሚ በተነሡት ግጭቶች ግን ብዙ ደም ፈስሷል፤ ብዙዎችም ተፈናቅለዋል። ቁስሉ ባልሻረበት ስፍራ «እነ እገሌ እንዲህ አደረጉ» የሚል ያልተጣራ መልእክት ማስተላለፍ እንደ ተራ ወሬ ሊቆጠር አይገባም። ሩቅ ሆኖ የጻፈው ሰው የሚያስከትለውን አያይም፤ መዘዙን የሚቀበለው ጎረቤት ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ምእመናን በጻፈው መልእክት (4፡25) እውነትን መናገርን ከአንድ አካል ብልትነት ጋር ያያይዘዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ መገናኛ ብዙኃን ባስተላለፉት መልእክት ይህንኑ ቃል መሠረት አድርገዋል። የአካል ብልት ሌላውን ብልት ቢዋሽ ራሱን ይጎዳልና።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ወጣቶችን ስትሰበስቡ በስልክ ያገኙትን ይዘው ይምጡ፤ በጉባኤም ይመርመር። ይህን ማን ተናገረ? በስፍራው ማን አየ? ስሙ የተነሣው ጎረቤታችን ቢጠየቅ ምን ይላል? ለሦስቱ መልስ ያልተገኘለት ቃል ከእኛ ዘንድ ወደ ሌላ አይለፍ። የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶችም በማታ ጸሎት ጊዜ ስልኩን አኑረው፣ ልጆቻቸው ምን እንደ ሰሙ ይጠይቁ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ያድምጡ።